ከስንት አንዴ ለሚነሳ ሞተር

የገና ሌሊት ቅዳሴ አልቆ ሁለት እናቶችን ወደ ቤታቸው ላደርስ አሳፍሬያለሁ። የሜሪላንድ ብርድ፣ በተለይ የሲልቨር ስፕሪንግ የጃንዋሪ ሌሊት፣ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። መኪናዬ የ2013 ሼቭሮሌ ቮልት ናት። ማታ ሶኬት ላይ ተሰክታ ታድራለች፣ በባትሪ ብቻ እስከ 38 ማይል ድረስ ትሄዳለች፣ ባትሪው ሲያልቅ ባለ 1.4 ሊትር የቤንዚን ሞተሯ ይረከባል። እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራበት ሆስፒታል ለቤቴ ቅርብ ስለሆነ የዚያን ሞተር ድምፅ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። ያን ሌሊት ግን ባትሪው ገና ሳይነካ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ተነሳ። ቮልት ውጭው በጣም ሲቀዘቅዝ ለማሞቂያው ስትል እንዲህ ታደርጋለች። መነሳቱስ ባልከፋ፤ ተንገጫገጨ፣ ልጥፋ ልጥፋ አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። ከኋላ የተቀመጡት እማማ ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገው «ልጄ፣ ምን ነካት?» አሉኝ።

የነካት ቤንዚኑ ነበር። መኪናዋን ያገለገለች ሆና ነው የገዛኋት፤ ስረከባት ታንኩ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ነበረበት፣ ሻጩም «ነዳጁ ምርቃት ነው» ብሎኛል። ያ ቤንዚን መቼ እንደተቀዳና ምን ዓይነት እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። መኪናዋ ከእኔ በፊት መሸጫው ሜዳ ላይ ቆማ ከርማለች። የቮልት ኮምፒውተር የቤንዚኑን ዕድሜ ይቆጥራል፤ በአማካይ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ሞተሩን አስነስቶ ያቃጥለዋል። ሞተሩ ስድስት ሳምንት ያህል ሳይነሳ ከቆየም ለጥቂት ደቂቃ ላስነሳው ብሎ ሹፌሩን ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን የሚነዳት ሰው ሲኖር ነው። የቆመች መኪና ማንን ትጠይቅ?

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው ከነዳጅ መስመሩ ላይ በመስታወት ማሰሮ ትንሽ ቀድቶ አሳየኝ። ትኩስ ቤንዚን ውሃ መሰል ገረጣ ያለ ነው፤ ይኼኛው ጠቆር ብሎ ወደ ሻይ ቀለም ሄዷል፣ ሽታውም የቤንዚን ስለት የለውም፣ የቆየ ቀለም ቀለም ይላል። ቤንዚን የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። ሲቆይ መጀመሪያ የሚተነው ቀላሉ ክፍሉ ነው፤ በብርድ ሞተር የሚያስነሳው ደግሞ ያው ነው። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ሙጫ ይሠራና ኢንጀክተሩ አፍ ላይ ይለጠፋል። ባለሙያው ታንኩ ይራገፍ፣ ኢንጀክተሮቹም ይታጠቡ አለ። ዋጋውን ስሰማ አዲስ አበባ ደወልኩ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሶማሌ ተራ አካባቢ ሞተር ሲፈቱ ሲገጥሙ ነው የኖሩት። «አንቺ ልጅ፣ ከመክፈልሽ በፊት ማሰሮውን አሳድሪው» አሉኝ። «ጠዋት ብርሃን ላይ አንሥተሽ እዪው። ሥሩ ላይ ሌላ ንብርብር ከሠራ ሳልባትዮው ይራገፍ። ካልሠራ አዲስ ቀይጠሽ ንጂና ጨርሺው።»

ምክራቸው ቦታው ላይ የዋለ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከማደያ የሚቀዳው ቤንዚን ከሞላ ጎደል ሁሉም እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ እንደተተወ ጨው እርጥበት ይስባል። የያዘው ውሃ ሲበዛበት ከቤንዚኑ ይለይና ውሃውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ የነዳጅ ፓምፑ ደግሞ የሚጠባው ከታች ነው። ጋሼ ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። አገር ቤትም በአንድ ወቅት የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀይጦ ይሸጥ ስለነበር በእጃቸው ያለፈ ነገር ነው።

ማሰሮውን የመኝታ ቤቴ መስኮት ደፍ ላይ፣ ከውጭ በኩል አሳደርኩት። ጠዋት አንድ ወጥ ነበር፤ ንብርብር የለውም። እንግዲያው ማራገፍ አያስፈልግም። ምን ልቀይጥበት?

ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ «ፕሪሚየም ቅጂ፣ ሞተር ያጥባል» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ እኔ ግን ይህ እምነት የብዙ ወገኖቼን ገንዘብ በከንቱ ሲበላ ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፕሪሚየም ከሬጉላር የሚለየው ኦክቴኑ ከፍ በማለቱ ነው። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በራሱ ጊዜ እንዳይነድ የሚቋቋምበት ልክ ነው። ጉልበትም ሳሙናም አይደለም። አጣቢው ሌላ ቅመም ነው፤ በ2004 ቢኤምደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ያወጡት «ቶፕ ቲር» የሚባል መለኪያ አለ፣ ይህ ምልክት ያለበት ማደያ ሬጉላሩም ጭምር አጣቢውን ይይዛል። የወዳጄ ፕሪየስ በ87 ኦክቴን ደስ ብሎት ይሠራል። የእኔዋ ግን የመጀመሪያው ትውልድ ቮልት ናት፤ ቤንዚኑን አሥር ከግማሽ እጥፍ ታምቃለች፣ መመሪያዋም 91ና ከዚያ በላይ ይላል። ከ2016 ጀምሮ የወጣው አዲሱ ቮልት 87 ይበቃዋል። ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ! ለዚህ ነው ከወዳጅ በፊት የመኪናዋ መመሪያ የሚጠየቀው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ፤ አሜሪካ የሚለካው በሌላ መንገድ ስለሆነ እናንተ ዘንድ 95 የሚባለው እዚህ 91 አካባቢ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ባልደረባዬ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን እንደሚገዙ ነገረችኝ። እኔም ታንክ ውስጥ ለሚቆይ ቤንዚን ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ፣ ሩብ ታንክ የሚሆን ፕሪሚየም በአሮጌው ላይ ጨምሬ፣ ባትሪውን ቆጥቦ በሞተር የሚያስኬደውን «ሆልድ» የሚባለውን ተጭኜ በ50 መንገድ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። አናፖሊስን አልፌ፣ የቼሳፒክን ረጅም ድልድይ ተሻግሬ ኬንት ደሴት ደረስኩ። ነፋሱ ባሕሩን ያርሰዋል። የጀልባዎቹ ማደያ የእንጨቱ መትከያ ጫፍ ላይ ነው፤ የመቅጃው ጎማ የተዘረጋው ለጀልባ እንጂ ለመኪና አይደለም፣ ወደ መሬት በኩል አይደርስም። የማደያው ሠራተኛ በትሕትና «ለጀልባ ብቻ ነው፣ እመቤቴ» አለኝ። ሰሌዳውን ሳየው ደግሞ ኦክቴኑ 90 ነው፤ የእኔዋ ከምትፈልገው ያንሳል።

እዚያው ቆሜ ሳስበው ጀልባና ቮልት ለካ ችግራቸው አንድ አይደለም። የጀልባ ታንክ በመተንፈሻው እርጥብ አየር ሲያስገባ ይከርማል። የቮልት ታንክ ግን የታሸገ ነው፤ ቤንዚን ለመቅዳት በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነሽ ግፊቱ እስኪወርድ፣ ዳሽቦርዱም ተዘጋጅቷል እስኪል መጠበቅ አለብሽ። እንዲህ ባለ ታንክ ውስጥ ኤታኖሉ ውሃ የሚስብበት አየር እምብዛም አያገኝም፤ ቀላሉ ክፍልም እንደ ልቡ አይተንም። ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን ፍለጋው እኔን አይመለከትም። እኔን የሚመለከተኝ መመሪያው ያዘዘው ኦክቴን፣ ከዚያ ደግሞ መጠኑና ወቅቱ ነው።

ወቅቱ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ነው። የበጋ ቤንዚን በሙቀት እንዳይተን ተደርጎ ይቀመማል፤ እዚህ አገር ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ማደያዎች እሱን እንዲሸጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። የብርዱ ጊዜ ቤንዚን ቶሎ የሚተን ነገር ስለሚጨመርበት በውርጭ ሞተር ያስነሳል። የእኔ ሞተር የሚነሳው በአብዛኛው በውርጭ ነው፤ ስለዚህ በጁላይ ታንክ ሞልቶ ለጃንዋሪ ማቆየት አይበጃትም። ታንኩ 9.3 ጋሎን ይይዛል፤ እኔ ብርዱ ሲገባ ሦስት ጋሎን ያህል ፕሪሚየም እቀዳለሁ፣ ብርዱ ሲወጣ የተረፈውን ረጅም መንገድ ነድቼ እጨርሰዋለሁ። የሦስት ጋሎን የፕሪሚየምና የሬጉላር ልዩነት ደግሞ ኪስ አይጎዳም።

ከኬንት ደሴት ስመለስ አሮጌው ድብልቅ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። መንገድ ዳር ካለ ማደያ 93 ቀዳሁ። ድልድዩ ላይ ሞተሩ መንገጫገጩን ትቶ ነበር፤ ቢጫዋ መብራትም ከጥቂት ቀን በኋላ በራሷ ጠፋች።

ለጋሼ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራቸው ሳቁና ስለ ቤታቸው ጀነሬተር አነሱልኝ። መብራት ሲሄድ ገመዱን ቢጎትቱት ቢጎትቱት እንቢ ብሏል፤ ካርቡራተሩን ሲፈቱት ቀዳዳው በሙጫ ተደፍኗል። እኔም ከእርሳቸው የተማርኩትን ለእርሳቸው መለስኩ፦ ሥራ ሲጨርስ የቤንዚኑን ቧንቧ ይዝጉትና ሞተሩ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን በልቶ በራሱ ይጥፋ፤ በወር አንዴም ለአሥር ደቂቃ ያስነሱት። ቧንቧውን መዝጋቱን ተቀብለዋል። በወር አንዴ ማስነሳቱን ግን «መብራት ሳይሄድ ቤንዚን ላቃጥል?» ይሉኛል፤ በየእሑዱ እንከራከራለን፣ እስካሁን አልተስማማንም።