ያስቸገረን ሌንሱ አይደለም

ሌንሱ ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምሬታችንን የሰማ ሁሉ «አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይለናልና። ሰቆጣና ዙሪያዋ ተቀምጠን፣ በእጅ በሚስተካከል አሮጌ ሌንስ ንብና አበባ፣ የጤፍ ቅንጣትና የብራና ጠርዝ በቅርበት ለማንሳት የምንደክም ጥቂት ሰዎች አለን። መስታወቱን የሚያማ ከመካከላችን አንድም የለም። ያንገሸገሸን በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ሌላው ሁሉ ነው።

አብዛኞቻችን የያዝነው ሄሊዮስ 44-2 ነው። ለዜኒት ካሜራ የተሠራ የሶቪየት ሌንስ፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸሩ እስከ 2 የሚከፈት፣ ስድስት መስታወት በአራት ክፍል የተደረደረበት። ንድፉ የየና ከተማው የዛይስ ፋብሪካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካወጣው ባዮታር የተቀዳ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ሰዎች ሲመለሱ ዜኒት በሻንጣቸው ይዘው ይመጡ ነበር፤ ካሜራው ሥራ ካቆመ በኋላ ሌንሱ በየቁም ሣጥኑ ቀረ። በላዩ ካለው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች አብዛኛውን ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ፤ በ79 ከጀመረ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው። ይህን ያህል ዘመን የኖረ መስታወት ዛሬም የንብ ክንፍ ላይ ያለውን ጅማት አንድ በአንድ ለይቶ ያሳያል። ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ቀለበት ነው። አንድ የብረት ቀለበት!

የሄሊዮስ ቂጥ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ እየዞረ የሚገባ ጥርስ ነው። የዛሬ ካሜራ አፍ እንዲህ አልተሠራም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀለበት በመካከል መግባት አለበት። በዚያ ላይ ሌንሱ ብቻውን ከግማሽ ሜትር ወዲህ ቀርቦ ማየት አይችልም። ንብን ከግማሽ ሜትር ያነሳ ሰው ያገኘው ነጥብ ነው። ስለዚህ ሌንሱን ከካሜራው የሚያርቅ ባዶ ቱቦ እንጨምራለን። ስሌቱ ለማንም አይከብድም፤ የቱቦው ርዝመት ለሌንሱ 58 ሲካፈል ምን ያህል እንደሚያጎላ ይነግረናል። 29 ሚሊ ሜትር ከጨመርን ንቧ በሴንሰሩ ላይ በግማሽ መጠኗ ታርፋለች፤ 58 ሚሊ ሜትር ከጨመርን በሙሉ መጠኗ። ውስጡ ምንም የሌለው ብረት ነው፤ መስታወት የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን ለምንኖር ግን ከወርቅ ይብሳል። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቻችን ሱቁን ዞረው ሲጠይቁልን ግማሹ ሱቅ «የምን ቀለበት?» ይላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ አዲስ ሌንስ ያወጣላቸዋል።

ከዚያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይለመናል። ዘመድ ያመጣል፤ ተሳስቶ ያመጣል። የኔ ካሜራ ኒኮን ነው ብለህ ጽፈህለት ሳለ የካኖን ይዞ ይመጣል። የኒኮን ይዞ ከመጣም መስታወት ያለበትን ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም የምንቃጠልበትን ልዘርዝር። አሮጌው ሌንስ ሩቅ ያለውን አጥርቶ እንዲያይ ከቂጡ እስከ ሴንሰሩ 45.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የካኖኑ የኢኤፍ አፍ ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስስ ቀለበት ብቻ ይበቃዋል። የኒኮኑ የኤፍ አፍ ግን 46.5 ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ ማዶ ያለው ተራራ ይደበዝዛል። ይህን ለማረም ብለው ርካሽ ቁራጭ መስታወት ቀለበቱ ውስጥ ይሰኩበታል። እኛ መች ተራራ እናነሳለን! በቅርበት ለሚያነሳ ሰው ያ አንድ ሚሊ ሜትር ጭማሪ ቱቦ ማለት ነው፤ የሚጠቅመን ነው። የተሰካው መስታወት ግን የሥዕሉን ጠርዝ ያደበዝዘዋል፣ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። «መስታወት የሌለበትን» ብለን እንጽፋለን፤ «ያለበት ይሻላል ብለውኝ ነው» ተብሎ ይመጣል። በደህና የተሰካውን መስታወት በትንሽ ቢላዋ ስንፈለቅቅ እናመሻለን።

ስለ ሻጮችም እንነጋገር። አሮጌ ሌንስ የሚሸጥ ሰው ሁሉ «ንጹሕ ነው» ይላል። ፎቶውን ይልካል፤ ከላይ፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ክዳኑ እንኳ ሳይነሳ። ሰቆጣ ደረቅ አገር ነው፤ ፈንገስ በቀላሉ እዚህ አይበቅልም። ሌንሱ ግን ርጥበት ባለበት መጋዘን ለዓመታት ከርሞ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር በውስጡ አብቅሎ ነው የሚደርሰን። አንዳንዱ የአፐርቸሩ ቅጠሎች ዘይት ጠጥተው ተጣብቀዋል። አንዳንዱ ቅባቱ ደርቆ የፎከሱ ቀለበት አልዞርም ይላል፤ በተለይ በጠዋቱ ቅዝቃዜ። እንዲህ ያለውን ፈትቶ የሚያጥብና አዲስ ቅባት የሚቀባ ባለሙያ እዚህ የለንም። መልሰን እንዳንልክ መንገዱ ሩቅ፣ ገንዘቡም ቀድሞ ተከፍሏል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ፣ ቀለበቱም ተገኝቶ፣ ቱቦውም ገብቶ ሲያበቃ ደግሞ ነፋሱ አለ።

ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ምድር አበባ የሚለብስበት ጊዜ አጭር ነው። ክረምቱ ሲወጣ አደዩ ይፈካል፤ መንጤሴው ያብባል፤ ንቦቹ የአገሩን ነጭ ማር የሚሠሩበት ወቅት ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ይህን ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ወጥተን ስንጠብቅ ነፋስ የለም፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ንብ ግን ብርድ ስለሆነ አልወጣችም። ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲሞቅ ንቧ ትመጣለች፤ ነፋሱም አብሯት ይመጣል። ሁለቱ ተማክረው የሚመጡ እስኪመስለን ድረስ አንድም ቀን አልተላለፉም። ንብ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ብትበልጥ ነው። በሙሉ መጠኗ ስናነሳት፣ አፐርቸሩን 8 ላይ ብናደርገው እንኳ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ዓይኗ ከጠራ ክንፏ ይደበዝዛል። አበባው በነፋስ አንዲት ስንዝር ሳይሆን የፀጉር ያህል ሲወዛወዝ ሥራው ሁሉ ያልቃል። ነፋሱን ለማምለጥ ሻተሩን ማፍጠን አለብን፤ ለማፍጠን ብርሃን ያስፈልጋል፤ ብርሃኑን ደግሞ ቱቦው በልቶታል። በሙሉ መጠን ስናነሳ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ብቻ ነውና። አይኤስኦውን ከፍ ስናደርግ ሥዕሉ ይሻክራል። በየትም በኩል ብንዞር መውጫ የለም።

አፐርቸሩን መዝጋቱ ራሱ ጣጣ አለው። ሌንሱ ከካሜራው ጋር አይነጋገርም። ከፍተን ፎከስ እናደርጋለን፤ ከዚያ በጣታችን ቀለበቱን ዳስሰን እንዘጋዋለን። ስንዘጋው ቪውፋይንደሩ ይጨልማል፤ እጃችን ሌንሱን ስለነካው ፎከሱ በዚያች የፀጉር ያህል ይሸሻል። ንቧ በዚህ መሐል አበባ ቀይራለች።

በሜዳው ላይ በጉልበታችን ተንበርክከን እንዲህ ስንሆን ያየን መንገደኛ ሁሉ ይቆማል። «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» ይላሉ እማማ። አበባ እያነሳን ነው ስንል አያምኑም፤ ያዝናሉ፤ ገንዘብ የጠፋን መስሏቸው አብረውን ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ደግነት ላይ መቆጣት አይቻልም፤ ነጠላቸው ግን አበባውን ሲነካው ንቧ ትሄዳለች። ወጣቶቹ ደግሞ «በስልክ አታነሳውም?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ መልሰናል! ስልክ ጎበዝ ነው፤ ግን ከኋላ ያለውን ደብዛዛ በስሌት ቆርጦ ሲሠራ የንቧን አንቴናም አብሮ ይበላዋል። ሄሊዮስ የጀርባውን አረንጓዴ በራሱ በመስታወቱ ነው የሚያቀልጠው፤ ጠርዙ ላይ እያሽከረከረ። ይህን የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ጥያቄውን አይደግመውም፤ እስኪያይ ግን ቆሞ የሚጠብቅ የለም።

ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲሆን ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ሣር በወገባቸው አስረው፣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ድሪያቸውን አድርገው ሲወጡ ለቅርበት ሌንስ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። የብሩ ጌጥ ላይ ያለው የአንጥረኛ ጥርስ፣ የቀሚሱ ጥለት ክር፣ የሹሩባው መስመር። «እህቴ፣ ድሪሽን ላንሳው?» ብለን እንጠይቃለን፤ እሺ ብላ ትቆምልናለች። በእጅ ፎከስ እስኪደረግ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ያችን ትንሽ ጊዜ የሚሰጠን የለም። ከየከተማው የመጣ ባለካሜራ ሳይጠይቅ በመካከላችን ይገባል፤ ፍላሹን ፊቷ ላይ ያበራባታል፤ ይሄዳል። ልጅቱም ተቀይማ ትሄዳለች፤ የተቀየመችው ደግሞ በሁላችን ነው። በዓሉ የእነሱ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። ይህን የሚረሳ ፎቶ አንሺ እየበዛ መጣ፤ በየዓመቱ ልጃገረዶቹ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት እየጨመረ ነው።

ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም እንዲሁ። ካህናቱ ፍላሽ አይፈቅዱም፤ ልክ ናቸው። ያለ ፍላሽ፣ በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ብቻ፣ 2 ላይ የሚከፈት ሌንስ በአለቱ ላይ ያለውን የመሮ ምት አጥርቶ ያነሳል። ትልቁን ሕንፃ ያነሳ ሰው ብዙ ነው፤ የጠራቢው እጅ ያለፈበትን ያችን የጣት ስፋት ጠርቶ ያነሳ ጥቂት ነው። የሚያደክመን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ደብዳቤ አምጡ እንባላለን። ደብዳቤው ይጻፋል፤ «ለቪዲዮ» ተብሎ ይጻፋል። ይስተካከል ስንል ፈራሚው መስክ ወጥተዋል። ሲመለሱ መብራት ጠፍቶ ማተሚያው አይሠራም።

የደከመን በዚህ ሁሉ ነው። ስለዚህ አሁን የምለምነው ሻጮቹን ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ እዚያ ስላለ። ወንድሞቼ፣ ሌንሱን ስትሸጡልን ክዳኑን አንሱት። አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቱት፤ ከኋላው የስልክ መብራት አብሩና በመስታወቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ፎቶ አንሱት። ፈንገስ ካለ ያኔ ይታያል፤ ካለም አለ በሉን፣ ዋጋውን ቀንሱልንና እንገዛዋለን። የአፐርቸሩን ቀለበት ከ2 እስከ 16 እያዞራችሁ አጭር ቪዲዮ ላኩ። ቀለበት ያላችሁም እንደሆነ ለየትኛው ካሜራ እንደሚሆን፣ መስታወት ይኑረው አይኑረው ጻፉበት። አዲስ አበባ ላለ ገዢ ተሳስቶ መግዛት የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው፤ ለእኛ የመንጤሴው አበባ እስኪረግፍ ድረስ ነው።