ቀለሙ ወደ ሰው፣ ዝገቱ ወደ ባሕር

ወገኖቼ፣ ጉልበት የከዳችሁ፣ ጆሮ የሚሰጥ ልጅ ያጣችሁ ሁሉ፣ ብሶቴን ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ላይ ዓርብ ማታ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ይሰበሰባሉ። ወቅቱን ክረምት ይሉታል፤ እንደ አገሬ የማይዘንብበት ክረምት! እዚህ አገር ስሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። እኔም በፈረንጆች 1972 የተሠራች ቮልሴን ከደማም፣ ከኹደሪያ ጋራዥ፣ በሰጥሃ አስጭኜ እመጣለሁ። ሰጥሃ ማለት መኪና የሚያዝል መኪና ነው። በሰው ጀርባ መምጣቷን አትዩብኝ፤ ሞተሯ ደህና ነው፣ ያስቸገረው ካርቡራተሩ ብቻ ነው።

እድሳቷ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በቀኝ በኩል ላሜራዋ ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተለቅልቃ፣ ሰማያዊ ቀለም ጠጥታ እንደ ሙሽራ ታበራለች። በግራ በኩል ያው የባሕሩ ጨው በልቷታል፤ የኋላ ፓራፋንጎዋን በጣት ሲነኩት እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ስለዚህ አቆማመጡን አውቅበታለሁ። ቀለሙ ወደ ሰው፣ ዝገቱ ወደ ባሕር። ዓሣ እንደሆነ አይፈርድም። መንገድ ላይም እንዳልዋረድ የሰጥሃው ሹፌር ፊቷን ወደ ኋላ አዙሮ እንዲጭናት 20 ሪያል እጨምርለታለሁ፤ አለዚያ ዝገቷ በግራ በኩል ለሚቀድመን ሁሉ ይጋለጣል።

የዛሬ ልጆች ግን መኪና የሚባል ነገር አያውቁም። ባለፈው አንዱ ኮፈኗን ከፊት ከፈተና፣ «ያ ዐም፣ ሞተሩን ሸጥከው እንዴ?» አለኝ። ሞተሯ ከኋላ መሆኑን፣ በነፋስ እንጂ በውሃ እንደማትቀዘቅዝ፣ በዚህ በረሃ ራዲያተር ሳይኖራት እንደምትሄድ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ሰምቶ ሰምቶ፣ «ብሉቱዝ አላት?» አለ። ከጎኔ የሚቆመው ካፕሪስ ደግሞ ከጎማው እስከ ክላክሱ ሁሉ ነገሩ ተቀይሯል። እንዲህ ከሆነ አሮጌው የቱ ላይ ነው? እኔ ቮልሴ ላይ አንድ ቡሎን አልቀየርኩም። ዲናሞው የቶዮታ ነው እንጂ። ወንበሮቹም። መሪውን እንኳ ተሽሊሕ፣ አሮጌ መኪና ከሚበለትበት፣ ነው ያገኘሁት፤ መሪ ደግሞ መሪ ነው።

የድሮ መኪና እኮ አይበላሽም ነበር። በንጉሡ ዘመን መምህሩ አጎቴ ቮልስ ነበራቸው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በሷ ስንሄድ ሸዋሮቢት ላይ ጎማ ፈነዳና ጉሚስታ ፍለጋ ፀሐይ ላይ ዋልን፤ ፍሪሲዮኑ እምቢ ስላለ ደብረ ሲና አደርን፤ ጣርማበርን ሦስት ጊዜ ወርደን እየገፋን ወጣናት። ሌላ ምንም ብልሽት አልገጠመንም። ድምፅዋስ! ገና ሰፈሩ ጫፍ ላይ ስትንደቀደቅ «የኔታ መጡ» ተብሎ ቡና ይጣድ ነበር። ታሪክም አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ጭኖ የወሰዳቸው በቮልስ ነው፤ ያ ሁሉ ትልልቅ መኪና በቆመበት ግቢ! ይህን ለካፕሪሱ ባለቤት ብነግረው፣ «ስንት የፈረስ ጉልበት ነበራት?» አለኝ።

ሐሳቤ ጡረታ ስወጣ ይዣት አገሬ መግባት ነበር። ይኸው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት ከለከለ። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ፣ «ጋሼ፣ እኔም ቮልስ ገዛሁ» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። አይዲ ፎር ትባላለች። በቻይና በኩል የመጣች የኤሌክትሪክ ጀርመን! ማርሚታ የላት፣ ድምፅ የላት፣ እንደ ሌባ ከኋላ ኮቴዋን አጥፍታ ትመጣለች፤ ሌሊት እንደ ስልክ ተሰክታ ታድራለች። ስልክ ደግሞ ለኔ ጠላቴ ነው፤ የሰው ልጅን ያደነዘዘ። ካርቡራተሩን በስልክ ያፈላለግሁት ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው። አሁን ከሜክሲኮ እየመጣልኝ ነው፤ የመጨረሻዋ ቮልስ በፈረንጆች 2003 ሐምሌ ላይ ከተሠራችበት አገር። ስልክ ያደነዘዘው የሰው ልጅ ደግሞ አሁን ሙቀት እንኳ መቻል አቅቶታል። ቮልስ ኤሲ አያሻትም፣ መስኮቷን ዝቅ ማድረግ ነው። (ይህን የምጽፈው ካምሪዬ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ኤሲው ትንሽ ደከመብኝ።)

ባለፈው ዓርብ ግን የባሰ መጣ። ሁለት ጎረምሶች ፎቶ እናነሳለን ብለው በውሃው ዳር ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ በግራ በኩል ወጡ። «ያ ሰላም!» ብለው ሲጮኹ ሰዉ ሁሉ ቀለሙን ትቶ ወደዚያ ጎረፈ። ዝገቷን እየዳበሱ «እውነተኛው ይሄ ነው፣ አደራ እንዳትቀባው» ይሉኛል። የካፕሪሱ ባለቤት ሳይቀር ተንበርክኮ ፓራፋንጎዋን ፎቶ አነሣ። አራት ዓመት የደከምኩበትን ሰማያዊ ዞር ብሎ ያየው የለም። የጊዜው ሰው ውበትና ብልሽት እንኳ መለየት አቅቶታል!

ሌሊት ሰጥሃው መጣ። ሹፌሩ እንደልማዱ ቮልሴን ወደ ኋላ ሊያዞራት ሲል፣

«ተዋት፣ እንደ ቆመች ጫናት» አልኩት።

«ዝገቱ ይታያል እኮ!»

20 ሪያል ከሰማይ አይወርድም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጋቢና ገብቼ ደማም እስክንደርስ በጎን መስተዋቱ የሚቀድሙንን መኪኖች ሳይ መጣሁ። ሰባቱ ፍጥነታቸውን ቀንሰው አይተዋታል።