የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ

ሥራዬ ሜዲኬር መሸጥ ነው። ሜዲኬሩ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ነው፤ እኔ የምሸጠው የግል ኢንሹራንሶች በእሱ ስም የሚያቀርቡትን ፕላን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደቅኜ፣ 65 ዓመት ከሞላቸው አበሾች ጋር እውላለሁ። በተለይ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7፣ ፕላን መቀየሪያው ሲከፈት፣ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ሥራው አይከብድም። የሚከብደው ደንቡ ነው፤ ደንቡን ያወጣው ሰው ደግሞ አንድም ቀን በአማርኛ ስልክ እንዳላወራ እርግጠኛ ነኝ።

የብዙ ኩባንያ ፕላን የሚሸጥ ደላላ «በአካባቢዎ ያሉትን ፕላኖች ሁሉ አናቀርብም» የሚል ማሳሰቢያ በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ ማንበብ አለበት። በአንድ ደቂቃ እኮ እኛ ገና «እንደምን አደሩ» ላይ ነን! ጉልበታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ዴንቨር ያለችውን ታናሺቱን ሳልጠይቅ ማሳሰቢያ ባነብ «የማን ባለጌ ነው?» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ አደባልቀዋለሁ። «እንደምን አደሩ እማማ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት፣ በአካባቢዎ ያሉትን ፕላኖች ሁሉ አናቀርብም፣ ልጆች ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ለየትኛው እንደሆነ አልጠይቅም።

ከዚያ ቀረጻው አለ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መገባደጃ ጀምሮ የሽያጭ ጥሪ እንዲቀዳ ታዟል። «ይህ ጥሪ ይቀዳል» ስል በወዲያ በኩል ጸጥ ይላል። ደርግን ያሳለፈ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይሰማም። ከጸጥታው በኋላ የሚመጣው ድምፅ የሌላ ሰው ነው። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስላቸው «ምንም የለብኝም፣ መንግሥትንም እናመሰግናለን» ይሉኛል። ከበስተኋላ ልጃቸው «እማዬ፣ ኢንሱሊኑን ንገሪው!» እያለች ትጮኻለች። ኢንሱሊኑን መስማት እፈልጋለሁ፤ በሜዲኬር የወር ክፍያው ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ከተደነገገ ወዲህ ደስ ብሎኝ የማወራው እሱን ብቻ ነው። የሌላው መድኃኒት ስም ግን «ትንሿ ነጭ» ነው። ሁሉም ትንሽ ናቸው፤ ሁሉም ነጭ ናቸው።

«ሆስፒታል ቢተኙ በቀን ይህን ያህል ይከፍላሉ» ማለት ደግሞ ሟርት ነው። «አፍህን ይዝጋው!» ተብዬ አውቃለሁ፣ ያውም ለቀብር ድንኳን በየወሩ ዕድር በሚከፍሉ ሰው። ሞታቸውን በደስታ ያዋጡበታል፤ ሕመማቸውን ያነሳሁት እኔ ግን ክፉ ነኝ።

ስብሰባ ጠርቶ መሸጥም ይቻላል፤ ምግብ ማቅረብ ግን ክልክል ነው። ብስኩትና ሻይ ይፈቀዳል። ስጦታም ከ15 ዶላር መብለጥ የለበትም። አበሻን ሰብስቦ ብስኩት ማብላት! እንዲህ ያለውን ነውር ትቼ ቤታቸው መሄድ ጀመርኩ። ለዚያም ቢሆን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ስለምን እንደምናወራ ከ48 ሰዓት በፊት መፈረም አለባቸው። «ቡና ለመጠጣት ነው ፊርማ?» ይላሉ። ደግነቱ ደንቡ ማብላትን እንጂ መብላትን አልከለከለም፤ ዶሮው ሳያልቅ፣ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስ ስለሚወጣው ዲዳክቲብል የሚያነሳም የለም።

እንዲህ ተበልቶ የተፈረመ ፕላን ዕድሜው አጭር ሊሆን ይችላል። በሦስት ወር ውስጥ ጥለውኝ ከሄዱ፣ የተከፈለኝ ኮሚሽን ተመላሽ ነው። የሚሄዱትም በሐኪም ምክንያት አይደለም፤ ማኅበር ላይ የተቀመጠች ጓደኛቸው የአስቤዛ ካርድ ስላሳየቻቸው ነው። ካርዱ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው እንደሚሰጥ ሳስረዳ፣ «እሷ ምን አላት? ከእኔ ትሻላለች!» ይላሉ። ይሄኛው ይሻላል ብዬ እንዳልከራከር ደግሞ፣ ማስረጃ ሳልይዝ «ምርጥ» ማለት አልችልም። ገበያ ወጥቶ ዕቃውን እንዳያመሰግን የተከለከለ ነጋዴ የት አለ?

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ግን በወረቀት ወጣት የሆኑት ናቸው። ሲመጡ ሥራ ለማግኘት ይበጃል ብለው ዕድሜ ቀነሱ፤ አሁን ሜዲኬር የሚቆጥረው ያንኑ ወረቀት ነው። አንድ አባት ደውለው «65 ሞልቶኛል» አሉኝ። ፋይሉን ሳየው 59 ናቸው።

«ወረቀቱን ተወው፣ እኔን እመነኝ» አሉ።

«እኔማ አምንዎታለሁ አባባ፣ እነሱ ናቸው እንጂ።»

ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚያ ውስጥ የምታውቀው ሰው የለም?» አሉኝ። ጥሪው እየተቀዳ ነው።