የአቶ ሙሉ መስመር አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙሉ መስመር ከአባታቸው ከአቶ ታሪፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታፔላ፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች በቀጠና በተደለደሉበት በ2003 ዓ.ም. በሕግ ተወለዱ። በሕግ ያልነው፣ ከዚያም በፊት በየጎዳናው አይተናቸዋል የሚሉ ሽማግሌዎች ስላሉ ነው። የተመደቡት ከለገሃር ቃሊቲ ነበር። በእሳቸው ዘመን ለገሃር የተሳፈረ ቃሊቲ ይወርዳል፤ አንዴ ይከፍላል፣ እንቅልፍ ከጣለውም ወያላው ይቀሰቅሰዋል።

ሟች ባደረባቸው ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲሰቃዩ ቆይተዋል። በሽታው የሚነሳባቸው በተለይ ከአመሻሹ 11 ሰዓት በኋላ ነበር። ታፔላው "ቃሊቲ" እያለ ወያላው "ሳሪስ! ሳሪስ ብቻ!" ይላል። ሳሪስ ላይ "መጨረሻ!" ተብሎ ሰው ሁሉ ይራገፋል። አብዛኛው ሾፌር ዞሮ ወደ ለገሃር ይበርራል። ደፋሩ ግን እዚያው ቆሞ፣ የወረደው ሰው አስፋልት ሳይሻገር "ቃሊቲ! የሞላ!" ብሎ መጣራት ይጀምራል።

ለቀስተኛው ገዳያቸው ሾፌሩ ነው ይላል። የአስከሬን ምርመራው ግን ሌላ ነው። ማታ ከተማው ሁሉ ወደ ዳር ይሄዳል እንጂ ከቃሊቲ ለገሃር የሚመጣ የለም። ታሪፉ የመሄጃውን ኪሎ ሜትር ያስባል፤ ባዶ የሚመለሱበትን አያውቀውም። ነዳጅ ወረፋ ግማሽ ቀን ቢበላም ባለንብረቱ የዕለት ገቢውን አይምርም። ሟች ጽድቅ እንጂ ትርፍ አልነበራቸውም።

ሕክምና አልጎደለባቸውም። ትራፊክ ፖሊስ ቅጣት ጻፈላቸው፣ ተቆጣጣሪም ቆመላቸው። ተቆጣጣሪው ባለበት ይሻላቸዋል፤ ፊቱን ሲያዞር ያገረሽባቸዋል። ባዶ መመለሻውን ልይ ያለ ሐኪም ግን አልመጣም።

ከዘመዶቻቸው በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቃሊቲ ባቡር አለ። ታላቅ ወንድማቸው አንበሳ አውቶቡስም በሕይወት አሉ፤ በድጎማ ስለሚኖሩ እሳቸው ለመስመር ትርፍ አይጨነቁም። ለቀብሩ ግን አልደረሱም፤ እየመጡ ነው ተብሏል።

ሠልስቱ ሐሙስ ቃሊቲ ይውላል። ከለገሃር የምትመጡ ሳሪስ ላይ ስለምትወርዱ የሁለት መኪና ሂሳብ ያዙ። ዝርዝር ይሁን፤ መልስ የለም።