እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን

የዝገት ፎቶ ማንሳት እንዲህ በቀላሉ የሚገባበት ሙያ አይደለም፤ ሕጉ ጥብቅ ነው። አንደኛ፣ ማሽኑ ጨርሶ መሞት አለበት። ሁለተኛ፣ ሐረግ ይጠምጠምበት፤ በመስኮቱ ዛፍ ቢወጣ ደግሞ እሰየው ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ሰው አይታይ። ጀሪካን ያዘሉ ሴት ከሌንሱ ጥግ ብቅ ካሉ ጥበቡ ተበላሸ፤ «እናቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ተፈጥሮ መሬቷን እያስመለሰች ነው» ይባላሉ። ከፎቶው ሥር «ዝምታ» ወይም «ጊዜ» ተብሎ ይጻፋል። መለዋወጫ ሳይልክ የቀረው መሥሪያ ቤት ስም አይጻፍም፤ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ጊዜ ነው።

የሙያው መዲና ዲትሮይት ናት። ኢቭ ማርሻንና ሮማን ሜፍር የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ2010 የከተማዋን ፍርስራሾች በትልቅ የፎቶ መጽሐፍ አሳተሙ። ፋብሪካው፣ ቲያትር ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ አለ፤ ሰው ግን እምብዛም አይታይም። በዚያው ዓመት የተካሄደው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ እዚያው ከተማ ውስጥ 713,777 ነዋሪ አግኝቷል። ቆጣሪዎቹ የጥበብ ዓይን ሳይጎድላቸው አይቀርም።

ሙያው ወደ ነገሌ ቦረናና ወደ ያቤሎ ቢወርድ እንግዳ ሆኖ አይቸገርም። ተፈጥሮ መሬቷን ስታስመልስ ማየት የፈለገ ሰው፣ ቦረና ላይ የሚጠግበውን ያህል ያገኛል። አርብቶ አደሩ ድሮ ግጦሹን በእሳት እያጸዳ ይጠብቅ ነበር። በደርግ ዘመን ማቃጠሉ ሲከለከል የግራር ቁጥቋጦው በረታ፤ ሣሩን ዋጠው። በድሮን ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ልብ ያሳርፋል። ላሟ ብቻ አልተደሰተችም። ሣር ነው የምትለው፤ ስለ ጥበብ አታውቅም።

ነገሌ ደግሞ በሞተ ሞተር የማትታማ ከተማ ናት። ጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው የምድር ጦር 4ኛ ብርጌድ የውሃ ፓምፕ ተበላሸበት። ወታደሮቹ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። እነሱም መኮንኖቹን ይዘው አሰሩ። ከአዲስ አበባ የምድር ጦር አዛዡ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ነገሩን አጣርተው እንዲመለሱ ተላኩ፤ ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዙና፣ ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። የካቲት ላይ አስመራ የነበረው 2ኛ ክፍለ ጦርም አመፀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

የዝገት ፎቶ አንሺው ያን ጊዜ ነገሌ ላይ ቢገኝ ምን የመሰለ ሥራ ይወጣው ነበር! የቆመው ፓምፕ፣ የጥር ፀሐይ፣ ቀይ አፈር። ከሌንሱ ፊት የሚጋረደው አንድ የተጠማ ብርጌድ ብቻ ነው፤ እሱንም «ወንድሞች፣ እስኪ ፈቀቅ በሉ» ብሎ፣ ከሥሩ «ጊዜ» ብሎ ጽፎ በሄደ ነበር።

ለሙያው የሚያስቸግሩት ኤላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ናቸው። ዱብሉቅንና ዌብን የመሳሰሉት ቱላ ኤላዎች ከፓምፑም ከብርጌዱም በፊት የነበሩ ናቸው። ዛሬም ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በባልዲ ይቀባበላሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ። ደለል ሲሞላው ወርደው ይጠርጉታል፤ ሲናድ ይጠግኑታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ 5 ወቅት በተከታታይ ሲቀር እንኳ ኤላውን ጥሎ ለሐረግ የሰጠው የለም።

ለዝገት ፎቶ ይህ ምኑም አይሆንም። ዝገት የለው፣ ዝምታ የለው፤ በዚያ ላይ ከየአቅጣጫው ሰው ይገባበታል። ፎቶ አንሺው ሌንሱን ከድኖ የሰዎቹን መሄድ ይጠብቃል። ከኋላው አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ትከሻውን ነካ አድርገው፣ ፈቀቅ እንዲል ይነግሩታል፤ የግመሎቹ ተራ ደርሷል።