ባትሪው ምን በደለ?

እስቲ ፍረዱኝ። ባትሪ ከፊት ኮፈን ሥር ተቀምጦ ማንን በደለ? ሞተሪኖው እዚያው፣ ዲናሞው እዚያው፣ ባትሪውም ከሁለቱ በክንድ ርቀት። ኮፈኑን ትከፍታለህ፣ ራሱ ላይ ነጭ ዱቄት አብቅሎ እንደሆነ ሙቅ ውሃ ታፈስበታለህ፣ በኪያቤ ጠበቅ ታደርገዋለህ፣ መንገድህን ትቀጥላለህ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት እንዲህ ነው።

አሁን የእህቴ ልጅ መጣና «ጋሼ፣ ባትሪው ወደ ኋላ ኮፈን ይዛወር» አለኝ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይመስል! ጥያቄ አላስገባ፣ ቅሬታ አላቀረበ፣ እንዲያው በደህና ከተቀመጠበት ይዛወር!

ለምን ብለው «ለሚዛን» ይላል። መኪናዬ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ ከፊት፣ የሚገፏት ግን የኋላ ጎማዎቿ። 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ባትሪ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ ጭራዋ ላይ ቢያርፍ የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ፣ ጥምዝ ላይም አትንሸራተትም ነው ነገሩ። ውሸት ነው አልልም። ቢኤምደብሊው ስንቱን መኪና ባትሪውን ከኋላ አድርጎ የሠራው ክብደቱ ከፊትም ከኋላም ይቀራረብ ብሎ ነው። በ1959 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣችው ያቺ ትንሽ ሚኒም ባትሪዋ ከኋላ ነበር፤ እሷስ ከፊት የሚተርፍ ቦታ መች ነበራትና! ጥምዝ ላይ የሚበር ሰው ያድርገው፣ ይሁንለት። እኔ ከሜክሲኮ ሳሪስ ስሄድ የምበርበት ጥምዝ የት አለ? ከፊቴ ሚኒባስ፣ ከኋላዬ ሚኒባስ፣ ከጎኔ ደግሞ ባጃጅ። እንዲህ ተደግፌ ወዴት ነው የምንሸራተተው?

ልጁ ግን አፍ አለው። «ጋሼ፣ እርስዎ አሰብ ሲመላለሱ የከባድ መኪናው ባትሪ ከሻንሲው ጎን፣ ሳጥን ውስጥ አልነበረም?» ብሎ ያዘኝ። ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት፣ አሰብ መንገድ ክፍት ሳለ፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ተያይዘው 24 ይሆኑና ሳጥናቸው ውስጥ ተቀምጠው የአፋርን በረሃ ያቋርጡ ነበር። ታዲያ ያ ሳጥን ውጭ ነው! ነፋስ ይገባዋል። ሾፌርና ረዳት ትንፋሹን እየሳቡ አያድሩም።

ባትሪ ይተነፍሳላ! ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከፊት ሲሆን ነፋሱ ጠርጎት ይሄዳል። የኋላ ኮፈን ግን ክዳኑ ሲዘጋ ድፍን ነው፤ ከተሳፋሪው የሚለየውም የወንበር መደገፊያ ብቻ ነው። ላዩ ላይ የቤንዚን ጄሪካን ጨምሩበት፤ ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ማን ነው ጄሪካን የማይዝ? ይህን ስነግረው «ትንፋሹን በቱቦ ወደ ውጭ እናወጣዋለን፣ ካልሆነም ኤጂኤም የሚባለውን እንገዛለን» አለ። ኤጂኤም አሲዱ በቀጭን የመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ የተጠጣ ዝግ ባትሪ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው። ዋጋውን ጠይቆ ከመጣ ወዲህ ግን ስሙን አንሥቶት አያውቅም።

ደግሞ ቮልስን አነሣብኝ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው አይደል? ነው። ሞተሯም ከኋላ ነዋ! ጀርመን ባትሪን ከሞተር አልለየም፤ እንዲያውም አቀራረበ። እሱም ቢሆን ጣጣ አላጣውም። የባትሪው መሸፈኛ ጠፍቶ ከሆነ፣ ከበድ ያለ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ የብረት ስፕሪንግ ወርዶ ሁለቱን የባትሪ ራሶች ይነካና ወንበሩ ማጨስ ይጀምራል። የቮልስ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ወደ ሽቦው ልምጣ፤ እኔን ያቃጠለኝ ሽቦው ነው። ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። ከኋላ ኮፈን እስከ ሞተሪኖው ቢያንስ አራት አምስት ሜትር ነው። ያንን ሁሉ መንገድ በቀጭን ሽቦ ከላካችሁት አንድ ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል፤ በማለዳ ብርድ ሞተሪኖው «እህህ» ብሎ ይተኛል። ስለዚህ እንደ አውራ ጣት የወፈረ መዳብ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ራሱ ሁለት ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ክብደት ላስተካክል ብሎ ክብደት መጨመር! ልጁ ይህን ሲሰማ በስልኩ ሒሳብ ሠርቶ «ያም ሆኖ ያዋጣል» አለኝ።

ሶማሌ ተራ ሄዶ ያመጣውን ሽቦ አየሁት፤ ለቤት መብራት እንኳ የሚያሳፍር። ፊውዙስ? የለም። እዩልኝ፣ የመኪና ቦዲ በሙሉ ኔጋቲቭ ነው። ፖዘቲቩ ሽቦ በምንጣፍ ሥር ተልኮ ላሜራ ቀዶ ያልፋል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ስለት ነው። የጎማ ቀለበት ካልገባለት መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ይፋቃል። ላስቲኩ አልቆ መዳቡ ቦዲውን የነካ ዕለት፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ከሌለ የሚያቆመው የለም፤ ሽቦው እንደ ምድጃ ይግላል። አለፍ ብዬ «ባትሪውን በምን ልታስረው ነው?» አልኩት። የከመነዳሪ ቁራጭ አሳየኝ። አሲድ የተሸከመ 15 ኪሎ፣ በከመነዳሪ! ፍሬን በድንገት ቢያዝ ያ ባትሪ ወደ ፊት የሚመጣው ማጅራቴን ፍለጋ ነው።

እንግዲህ ሚዛን ሚዛን ሲለኝ የከረመበት ምሥጢር አንድ ቀን ካርቶን ሲከፍት ተገለጠ። ባስ ነው። ድምፅ ማጉያ! ባትሪው ቢቀርበው አምፕሊፋየሩ ኤሌክትሪክ በደንብ ያገኛልና። ያን ሁሉ ፊዚክስ የተማርኩት ለካ ጎረቤት እንዳይተኛ ኖሯል። ቢኤምደብሊውን፣ ሚኒን፣ የአሰብን በረሃ ሳይቀር ምስክር የጠራው ለጭፈራ ነው!

እኔ የኋላ ኮፈን የማውቀው ለሌላ ሥራ ነው። ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ የሽንኩርት ማዳበሪያ። ለፋሲካ ደግሞ በግ። እግሩ ታስሮ፣ ክዳኑ በገመድ ገርበብ ተደርጎ፣ አንገቱን አውጥቶ ከተማውን እያየ ይመጣል። በግ መኪና ላይ ሲደነግጥ ምን እንደሚለቅ ደግሞ የጫነ ያውቃል፤ ያንን በባትሪ ራስ ላይ አስቡት።

«ታዲያ በጉ የት ሊጫን ነው?» አልኩት፤ አሁን ያዝኩት ብዬ።

ልጁ ሐሳብ እንኳ አልገባውም። «ከፊት ወንበር ነዋ ጋሼ። ባትሪው ወደ ኋላ ስለሄደ በጉ ከፊት ሲሆን ያቻችለዋል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ከኋላ፤ ከባሱ ጎን።»

ባለቤቴ ትቆጣልኛለች ብዬ ዞር ስል፣ ለፊት ወንበሩ የሚነጠፍ ላስቲክ ፍለጋ ጓዳ ገብታለች።