ድርሳነ ምናባቱ፦ በቴሌግራም ግሩፖች ስለሚወረወር ቀላል ስድብና ስለ አድሚኖች ሥልጣን የቀረበ ጥልቅ ሐተታ

የጥንት ሊቃውንት ስለ ከዋክብት፣ ስለ ነፍስና ስለ ባሕረ ሐሳብ ሲመራመሩ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ «ምናባቱ» የምትለውን ቃል ግን እንዳላዩ አልፈዋታል። ይህን ጎዶሎ ለመሙላት ብዕራችንን ያነሣነው የጉዳዩን ክብደት ከእኛ በቀር የተረዳው ስለሌለ ነው።

በቅድሚያ ድንበራችንን እንከልል። ዘርን፣ ሃይማኖትን ወይም አካል ጉዳትን መነሻ አድርጎ ጥላቻ የሚያነሣሣ ንግግር የዚህ ድርሳን ርእስ አይደለም፤ ለእርሱ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለለት። የሰውን ክብር የሚያዋርድ ብርቱ ስድብም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል። እኛ የምንመረምረው ከእነዚህ በታች ያለውን፣ ተሰዳቢው ፍርድ ቤት ለመሄድ የታክሲ ሒሳብ የማያወጣለትን ነው፦ ጅል፣ ቂል፣ ፋራ፣ ገገማ፣ ደደብ፣ አህያ፣ እንዲሁም የሁሉ አለቃ የሆነውን ምናባቱን።

የዘመናችን አድሚን የመጀመሪያው ጥፋት ቦት መቅጠሩ ነው። የተከለከሉ ቃላትን ዘርዝሮ ይሰጠዋል፤ ቦቱም ያገኘውን ሁሉ ያጠፋል። ይህ ዘዴ በፈረንጅ አገር ተሞክሮ አሳፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካው ኤኦኤል የእንግሊዟ ስካንቶርፕ ከተማ ነዋሪዎችን አካውንት እንዳይከፍቱ አግዷቸው ነበር፤ በከተማቸው ስም መካከል አንድ ነውረኛ ቃል ተሸጉጧልና። እኛስ ምን ጎደለን? በ2005 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው ደደቢት አለልን። ስሙ በፊደላችን ሲጻፍ ንጹሕ ነው፤ «ቢ» ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ «ብ»ን የሚያሳድደው ቦት አይነካውም። በላቲን ሲጻፍ ግን ደደብ ከነሙሉ አካሉ ክለቡ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፍ ደጋፊ ክለቡን ባወደሰ ቁጥር በተሳዳቢነት ይቀጣል ማለት ነው። (የተፎካካሪ ክለብ ደጋፊዎች ይህን የማሽን ስሕተት ነው ብለው እንደማይቀበሉ እናውቃለን።)

ፊደላችን በበኩሉ ለተሳዳቢ የዋለው ውለታ ተዘርዝሮ አያልቅም። «አህያ»ን እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በአ፣ በኣ፣ በዐም ሆነ በዓ ቢጻፍ አማርኛ አንባቢ ልዩነቱን በጆሮው አይሰማም። ሁለተኛው በህ፣ በሕ ወይም በኅ ይጻፋል። አራት በሦስት ሲባዛ 12 አህያ ይወጣል፤ አድሚኑ አንዷን ሲያስር 11ዱ ግሩፑ ውስጥ ይፈነጫሉ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ትራሱ ሥር የሚያኖር አባል ካለማ ጉዳዩ ይብስበታል፤ «አህያ» መባሉን ችሎ በዓይኑ «ዐ» መጻፉን ግን ይቅር አይልም። በአንጻሩ በቢሾፍቱ ተከፍቶ በ2009 ዓ.ም. በነዋሪው ተቃውሞ ስለተዘጋው የአህያ ቄራ በቁም ነገር ሊወያይ የፈለገ ምስኪን፣ አጻጻፉን ባሳመረ መጠን መልእክቱ ቶሎ ይሰረዝበታል። እንግዲህ ቦት የሚቀጣው የተማረውን ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ የፍቅር ነገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲወድ የሚናገረውን ከሩቅ አገር የመጣ ማሽን ቢሰማው ፖሊስ ይጠራ ነበር። «በሞቴ ብላ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ድፍት ያድርገኝ»፣ «እናቴ ትሙት!» ይህ ሁሉ ግድያ በአንድ ጉርሻ ዙሪያ ይፈጸማል። በጥንቱ ሙግትም «ምኒልክ ይሙት» ያለ ሰው ንጉሡን አልዛተባቸውም፤ በስማቸው ምሎ ራሱን አስያዘ እንጂ። ዛሬ ያንኑ መሐላ ስለ አንድ ባለሥልጣን ግሩፕ ላይ የሚጽፍ ካለ ግን ቦቱን ሳይሆን ጠበቃ ያማክር።

አሁን ወደ ምናባቱ። ይህ ቃል አባት ይጠራል እንጂ ስለ አባትየው አንዳች ክፉ አይናገርም፤ ጀምሮ የተወው ጥያቄ ነው። ደግሞ ለሁሉም ይዳረሳል። «ምናባክ» ሲሉት ጠብ ነው፤ «ምናባቴ ላድርግ» ሲሉት ጭንቀት ነው፤ መብራት ሲጠፋ «ምናባታችን ይሻለናል» ሲሉት የጋራ ልቅሶ ነው። ወላጅ የሌለው ኔትወርክ እንኳ «ምናባቱ ሆኖ ነው» ይባላል። «ምናባትዎ»ን ሰዋስው ይፈቅደዋል፤ አፍ ግን አይደፍረውም። ስለዚህ ምናባቱን የከለከለ አድሚን ስድብን አላጠፋም፤ ማማረርን ከለከለ። ያለ ማማረር ደግሞ ግሩፑ የ«እንደምን አደራችሁ» ሥዕሎች ማከማቻ ሆኖ ይቀራል።

እውነተኛው ስድብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ አንባቢ ትንፋሹን ይሰብስብ። ወራት ሙሉ «አንተ» ሲባባሉ የኖሩ ሁለት ሰዎች ስለ ኳስ ወይም ስለ ቤት ኪራይ ሲከራከሩ፣ አንደኛው ድንገት «ውድ ወንድሜ፣ ለሰጡን ማብራሪያ እግዜር ይስጥልን፤ ትንሽ ቢያነቡ ግን መልካም ነበር» ብሎ ሲጽፍ አስተውላችኋል? በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም። ውድ አለ፣ ወንድም አለ፣ እግዜር አለ፣ አንቱታም አለ። ሰውየው ግን ተገነዘ። ያን ምሽት ማንም «ደደብ» ቢለው እንደ እቅፍ ይቆጥረው ነበር። በእኛ አስተያየት በክርክር መካከል «ወንድሜ» የምትል ቃል ብቅ ስትል አድሚኑ ሳይውል ሳያድር በሁለት መልእክቶች መካከል የሚያስጠብቀውን ገደብ ይክፈት፤ ቴሌግራም እስከ 1 ሰዓት ማስጠበቅ ይፈቅዳል፤ 1 ሰዓት ሙሉ ይጠብቁ። «ገገማ» የተባባሉትን ግን ይተዋቸው፤ እነርሱ ገና ወዳጆች ናቸው።

የቀረው ማንም ሊቅ ያልፈታው የሥልጣን ጥያቄ ነው። ዘመዶቹ በአዲስ አበባ፣ በቨርጂኒያና በሪያድ በተበተኑ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አድሚን የሚሆነው ስልክ የሚችለው ታናሽ ነው፤ ምናባቱን አብዝተው የሚናገሩት ደግሞ ጋሼ ናቸው። ጋሼን ለአንድ ቀን እንዳይጽፉ ማገድ በስልኩ ላይ የሁለት ጠቅታ ሥራ ነው። በዘመድ ዘንድ ግን ለፋሲካ ጉልበት ተስሞ እንኳ የማይሽር በደል ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌዎቹም ያው እዚያው ግሩፕ ውስጥ ያሉት ናቸው። ይህ ድርሳን የሚያቀርበው መፍትሔ የጋሼን ታላቅ እኅት እትዬን ሁለተኛ አድሚን ማድረግ ነው። እርሳቸው መልእክት ማጥፋትም ሰው ማስወጣትም አይችሉበትም፤ አያስፈልጋቸውምም። «አንተ! ልጆች አሉ እኮ!» ብለው ይጽፋሉ፤ በዚያ ግሩፕ ጋሼን አንተ ማለት የሚችል ሌላ ፍጡር የለም። ጋሼም በጽሑፍ መመለስ ትተው ረዘም ያለ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። እርሱን እስከ መጨረሻው ያዳመጠ ተመራማሪ እስካሁን ስላልተገኘ፣ ውስጡ ስንት ምናባቱ እንዳለ ቆጥሮ የማሳወቁን ሥራ ለተተኪ ሊቃውንት ትተናል።